አተንቦሮ፦ ስምና ክሮሞሶም አብረው ሲወረሱ

የተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልም የምትወዱ ከሆነ የዴቪድ አተንቦሮን ድምፅ ሳትሰሙ አትቀሩም። «ጋንዲ» የተሰኘውን ፊልም ያዘጋጀው ሪቻርድ አተንቦሮስ? ወንድሙ ነው። ታዲያ እንግሊዝ አገር «አተንቦሮ» የሚባሉት ሁሉ ዘመዳሞች ይሆኑ እንዴ?

ስሙ መጀመሪያ የሰው ሳይሆን የመንደር ነበር። መንደሯ ዛሬም ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ፣ ትሬንት ወንዝ አጠገብ አለች። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቡርህ» ምሽግ ነው፤ ሙሉው ስም «የአዳ ምሽግ» እንደማለት ነው፤ አዳ የሰው ስም ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዞች የቤተሰብ ስም መያዝ ሲጀምሩ፣ ከመንደሯ ወጥቶ ሌላ ቦታ የሰፈረውን ሰው «የአተንቦሮው» ይሉታል። ልጁም፣ የልጅ ልጁም በዚያው ስም ይጠራል። እኛ ጋ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል፤ እነሱ ጋ ግን ተጣብቆ ይቀራል።

ሳይንሱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዋይ ክሮሞሶምም ልክ እንደ ስሙ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የሌስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ 40 የቤተሰብ ስሞች ያሏቸውን 1,678 ወንዶች ያጠኑበትን ውጤት አወጡ። ስሚዝ (አንጥረኛ ማለት ነው) የሚባሉት ድብልቅልቅ ያሉ ሆነው ተገኙ። አይገርምም፤ አንጥረኛ የሌለው አካባቢ የት አለ? ከአተንቦሮዎቹ ግን 87 በመቶው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ዋይ ክሮሞሶም ነበራቸው። ያውም እንግሊዝ ውስጥ ብዙም የማይገኘው፣ ሌሎች ቅርንጫፎቹ ግን እኛ አገር በሽ የሆኑት ኢ1ቢ1ቢ የሚባለው ነው!

ቸኩላችሁ «በቃ፣ አባታቸው አንድ ነው» እንዳትሉ ግን። ስሙን ሁለት ሦስት ሰዎች ጀምረውት ሊሆን ይችላል። ወንድ ልጅ ያልወለደ ሰው ክሮሞሶሙ በእሱ ያበቃል፤ ስሙም ብዙ ጊዜ አብሮት ይጠፋል። ሃያ ትውልድ ካለፈ በኋላ የተረፈው የአንዱ ዘር ብቻ ቢሆን፣ ሌሎቹ እንዳልነበሩ ይመስላል። የቀሩት 13 በመቶስ? ጉዲፈቻ ሊሆን ይችላል፤ የእናቱን ስም የያዘ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ አባቱ ሌላ ሰው የሆነም ይኖራል። ለኔ ከሁሉም የሚያጓጉት እነዚህ ናቸው፤ ክሮሞሶማቸው ስለተለየ አተንቦሮነታቸው አይቀንስም።

የሁለቱ ወንድማማቾች አባት ፍሬድሪክ አተንቦሮ ደግሞ ከ1932 እስከ 1951 የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኃላፊ ነበሩ። ኮሌጁ ኋላ ላይ አድጎ ይህ ጥናት የተሠራበት ዩኒቨርሲቲ ሆነ።