ሮው ፋይልን ወደ ፎቶ መለወጥ

ሮው ፋይል ዲጂታል ካሜራ በሴንሰሩ የለካውን የብርሃን መጠን ወደ ፎቶ ሳይለውጥ የሚያስቀምጥበት ፋይል ነው። ቅርጹ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ የኒኮኑ ኤንኢኤፍ፣ የካነኑ ሲአር3፣ የሶኒው ኤአርደብልዩ ይባላል። ይህን ልኬት ዓይን ወደሚያየው ምስል የሚለውጡት እንደ ላይትሩም፣ ካፕቸር ዋን፣ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ያሉ ፕሮግራሞች ናቸው። አንዱን ፋይል በአራቱም ከፍተን ምንም ሳንነካው ብንተወው እንኳ ቀለማቸውም ጥላቸውም የሚለያይ አራት ፎቶዎች እናገኛለን። ትክክለኛው የቱ ነው የሚለው የባለሙያዎች ክርክር እልባት የማያገኘው፣ በፋይሉ ውስጥ አራቱም የሚገለብጡት የተጠናቀቀ ፎቶ ስለሌለ ነው። ከአንድ በላይ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው የሥራውን ቅደም ተከተል ማቀድ ያለበትም ከዚህ ተነሥቶ ነው።

የሴንሰር ፒክስል ቀለም አይለይም፤ የሚለካው ብርሃን ብቻ ነው። ቀለም የሚገኘው በየፒክስሉ ላይ በተደረደሩ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ሲሆን፣ የተለመደውን አደራደር የቀረጸው የኮዳኩ ብራይስ ባየር በ1976 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ከማጣሪያዎቹ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩባቸው ቀይ፣ ሩባቸው ሰማያዊ ናቸው። እያንዳንዱ ፒክስል ከሦስቱ ቀለሞች አንዱን ብቻ ስለሚለካ፣ በፎቶው ላይ ከምናያቸው የቀለም እሴቶች ሁለት ሦስተኛው ከአጎራባች ፒክስሎች በስሌት የተገመተ ነው። የግምቱ ቀመር ብዙ ነው፤ ሮውቴራፒ ራሱ በርካታ ዘዴዎችን ደርድሮ ተጠቃሚው እንዲመርጥ ይተዋል። ፉጂፊልም በ2012 በኤክስ-ፕሮ1 ካሜራው ማጣሪያዎቹን በስድስት በስድስት ንድፍ ሲያደራጅ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ፤ በአዶቢ ፕሮግራሞች ሲለወጥ ቅጠሉና ሣሩ ትል የሚመስል መስመር ያወጣል የሚል ቅሬታ ለዓመታት ተሰማ። ከግምቱ በኋላ ደግሞ ዋይት ባላንስ፣ የካሜራው የቀለም ፕሮፋይልና ቶን ከርቭ ይከተላሉ። ባለ 14 ቢት ፋይል በየፒክስሉ 16,384 የብርሃን ደረጃ ሊይዝ ሲችል ጄፔግ በየቀለሙ የሚይዘው 256 ብቻ ነው፤ ስለዚህ የትኛው ደረጃ ይስፋ፣ የትኛው ይታመቅ የሚለውን አንድ ሰው መወሰን አለበት። ጀማሪዎች «ፎቶዬ ፕሮግራሙ ውስጥ ሲገባ ተበላሸ» የሚሉትም ከዚህ የተነሣ ነው። መጀመሪያ ያዩት ካሜራው አዘጋጅቶ በሮው ፋይሉ ውስጥ የከተተውን ጄፔግ ነው፤ ከሴኮንዶች በኋላ የሚተካው የፕሮግራሙ የራሱ ልወጣ ነው።

አዶቢ በ2004 ያወጣው ዲኤንጂ የተባለ ክፍት የፋይል ቅርጽ ችግሩን ፈትቶታል የሚሉ አሉ። ላይካና ፔንታክስ በካሜራዎቻቸው ስለተቀበሉት፣ አንድ አምራች ከገበያ ቢወጣ ፋይሉ እንዳይነበብ የመቅረቱን ስጋት በእርግጥ ያቀልላል። አንድ ያደረገው ግን መያዣውን እንጂ ልወጣውን አይደለም። እርማቶቹ የሚጻፉበት ኤክስኤምፒ የተባለው አጃቢ ፋይልም እንዲሁ ነው፤ ላይትሩም «ኤክስፖዠር +0.50» ብሎ ሲጽፍ ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው በአዶቢ ስሌት ውስጥ ነው። ዳርክቴብል ከላይትሩም ጥቂት እርማቶችን ማስገባት ቢችልም ውጤቱ የሚቀራረብ ብቻ ነው። አዶቢም ቢሆን በ2012 በላይትሩም 4 ስሌቱን ሲቀይር፣ ቀድሞ የታረሙ ፎቶዎች መልካቸው እንዳይለወጥ የድሮውን ስሌት አብሮ ማቆየት ግድ ሆኖበታል። በራሱ ሁለት ትውልዶች መካከል ያልተላለፈ እርማት ወደ ተቀናቃኝ ፕሮግራም በሙሉ ይተላለፋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

እንግዲያው በአንድ ፕሮግራም ጸንቶ መኖር ነው የሚል መልስ ይሰነዘራል። የአፕልን አፐርቸር ያዩ ግን በዚህ አይጽናኑም። በ2005 የወጣው ይህ ፕሮግራም ማደጉ እንደሚቆም በ2014 ሲነገር፣ አዶቢ ወደ ላይትሩም የሚያሻግር መሣሪያ አቀረበ፤ መሣሪያው ቁልፍ ቃላትንና የኮከብ ደረጃዎችን አሻገረ፣ የፎቶ እርማቶቹን ግን አላሻገረም። ሌላው ተቃውሞ ከዜና ሰዎች ይመጣል። ሮይተርስ በ2015 ነጻ ሠራተኛ ፎቶ አንሺዎቹ ከሮው የተለወጠ ፎቶ እንዳይልኩና ካሜራው ያወጣውን ጄፔግ ብቻ እንዲልኩ አዘዘ። ለፍጥነት ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። ጄፔጉ ግን ከትርጓሜ ነጻ አይደለም፤ ቀለሙንና ንፅፅሩን የወሰነው የካሜራው ፋብሪካ ነው።

የሚቀረው ጥያቄ ፎቶው ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የት ላይ ይሻገር የሚለው ነው። ዋይት ባላንስ፣ ከልክ ያለፈ ብርሃንን መመለስና ኖይዝ መቀነስ የሴንሰሩን ልኬት ስለሚፈልጉ በመረጡት አንድ መለወጫ ውስጥ ማለቅ አለባቸው። ቀጥሎ ፎቶው ሰፊ የቀለም ክልል ባለው ባለ 16 ቢት ቲፍ ወጥቶ ለፎቶሾፕ ወይም ለጊምፕ ይሰጣል፤ በ8 ቢት ከሆነ ሰማዩ እርከን እርከን ይሠራል። ቲፍ ቦታ ይፈጃል መባሉ እውነት ነው፦ 24 ሜጋፒክስል ያለው ፎቶ ሳይታመቅ 144 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ቲፍ የሚያስፈልገው ግን ለተመረጡት ፎቶዎች እንጂ ለተነሣው ሁሉ አይደለም፤ ለቀሩት ሮው ፋይሉና አጃቢው ይበቃሉ። መካከለኛ መንገድም አለ። እንደ ዲኤክስኦ ፒውርሮው ያሉ ፕሮግራሞች የቀለም ግምቱንና የኖይዝ ቅነሳውን ብቻ ጨርሰው ሊኒየር ዲኤንጂ ያወጣሉ፤ ቶን ከርቭ ገና ስላልተጫነበት ላይትሩም ዋይት ባላንሱን በሮው ፋይል ልክ ሊያስተካክለው ይችላል። አፕል ከ2020 ጀምሮ በአይፎን ላይ ያቀረበው ፕሮሮውም ከዚሁ ወገን ነው፤ በስሙ ሮው ይባል እንጂ የቀለም ግምቱም የበርካታ ቀረጻዎች ውህደቱም ለባለቤቱ ከመድረሱ በፊት ስልኩ ውስጥ ያለቀ ነው።