ፔት ኢንሹራንስ፦ የለማዳ እንስሳ የሕክምና መድን

ፔት ኢንሹራንስ የሚባለው ድመት ወይም ውሻ ስትታመም ወይም ስትጎዳ የሕክምናውን ወጪ በከፊል የሚሸፍን የመድን ውል ነው። ባለቤቱ በየወሩ አረቦን ይከፍላል፤ ድመቷ ታክማ ደረሰኙ ሲቀርብ መድን ሰጪው ከሒሳቡ የድርሻውን ይመልሳል። ስዊድን ውስጥ ለውሻ እንዲህ ያለ ውል መሸጥ የጀመረው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዝ በ1947 ተከተለች፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1982 የመጀመሪያው ውል የተጻፈው በፊልም ለምትታወቀው ውሻ ለላሲ ነበር። ዛሬ በእነዚህ አገሮች የሚኖር ኢትዮጵያዊ ድመት ካሳደገ ገና በመጀመሪያው የሐኪም ቀጠሮ ላይ «ኢንሹራንስ አላት ወይ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ነገሩ በስልክ ወሬ አዳማም ደርሷል፤ የአማርኛ ስም ግን ገና አላገኘም።

«የቤት እንስሳ መድን» ማለት ቀላል ይመስላል፤ ግን አይበቃም። በእኛ አነጋገር ላሟም፣ በጓም፣ ዶሮዋም፣ ድመቷም የቤት እንስሳ ናቸው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ «የቤት እንስሳ መድን» ብትሉ ሰሚው መጀመሪያ የሚያስበው የወተት ላም ነው፤ እውነቱም ከእሱ ጋር ነው፤ የከብት መድን በአገራችን ያለ ነገር ነውና። ስለዚህ ለወተት ወይም ለሥጋ ሳይሆን ከሰው ጋር ለመኖር የምትያዘውን «ለማዳ እንስሳ» ብለን መለየት ይሻላል። «ጤና» ከማለትም «ሕክምና» ማለት ይቀርባል፤ ውሉ ጤናን አይጠብቅም፤ የሚከፍለው የሕክምና ሒሳብን ነው። በዚህ ጽሑፍ «የለማዳ እንስሳ የሕክምና መድን» የምለው ለዚህ ነው።

ከከብት መድን የሚለየው በስም ብቻ አይደለም። የወተት ላም የገበያ ዋጋ አላት፤ ውሉ በዚያ ዋጋ ይገባል፤ ላሟ ብትሞት ካሳው ለባለቤቱ ሌላ ላም መግዣ ይሆናል። ድመት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤት በነጻ የምትመጣ ናት። ብትሞት በገበያ ዋጋ የሚቆጠር ኪሳራ የለም፤ ታክማ እንድትድን ከተፈለገ ግን ሒሳቡ ከዋጋዋ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ያንን ሒሳብ የሚከፍል ሰው የሚከፍለው ስለሚወዳት ነው፤ መድኑም የተሠራው በዚህ ፍቅር ላይ ነው። ይህን እንደ ቅንጦት የሚያዩ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ብቻውን ለሚኖር ስደተኛ ወይም ልጆቿ ለሄዱባት እናት ድመት የቤት ነፍስ ናት።

ወደ ደቡብ፣ ቦረና ውስጥ፣ ሌላ ዓይነት መድን አለ። ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ጋር ሆኖ በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረው የጠቋሚ መድን ነው። ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ይለካል፤ ልኬቱ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ውል ለገባው አርብቶ አደር ሁሉ ይከፈላል። የማን ላም ሞተች፣ የማን ተረፈች ብሎ የሚቆጥር አይላክም። ብልሃቱ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ በዚያ ስፋት እየዞሩ ከብት መቁጠር አረቦኑን ከአርብቶ አደሩ አቅም በላይ ያደርገው ነበር። ከሱ በፊትም ቢሆን ኦሮሞ ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሳው ከብት አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት ነበረው፤ ዛሬ የክልሉ መንግሥት የአደጋ ድጋፍ ተቋሙን በዚሁ ስም ይጠራል። አንዳንድ የገጠር እድርም በሬ ለሞተበት አባል ያዋጣል። አደጋን መካፈል ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የድመት ሕመም ግን በሳተላይት አይታይም። እያንዳንዷ ድመት ለብቻዋ መታየት አለባት። ለዚያ ደግሞ ድመቷ ይቺ መሆኗ የሚረጋገጥበት ምልክት (በውጭ አገር ከቆዳዋ ሥር የሚቀበር የሩዝ ፍሬ የምታህል ቺፕ)፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የተያዘ የሕክምና መዝገብ፣ የታወቀ የሕክምና ዋጋና ድመት የሚያዩ በቂ ሐኪሞች ያስፈልጋሉ። እነዚህ በሌሉበት መድን ሰጪ አረቦኑን በምን ያሰላዋል? አዳማ ላይ ጉዳዩ የሚቆመው እዚህ ነው። የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ የተቋቋመው ለከብት፣ ለበግና ለጋሪ ፈረስ ነው። ለከባድ ሕመም ቢሾፍቱ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ይቻላል። አዳማ ላይ ድመትን የሚገድላት የሒሳቡ ውድነት ሳይሆን በሰዓቱ የሚደርስ ሐኪም አለማግኘት ነው። መድን ደግሞ ሒሳብ ይከፍላል እንጂ ሐኪም አያመጣም።

ውጭ አገር ላለው ግን ጥያቄው እውነተኛ ነው። ለእሱ ሒሳቡን በምሳሌ እናስላው። አረቦኑ በወር 30 ዶላር፣ በዓመት 360 ይሁን። ውሉ ባለቤቱ በዓመት የመጀመሪያዎቹን 250 ዶላር ከኪሱ እንዲሸፍን ያስገድድ፤ የመኪና መድን የገዛ ሰው ይህን «ኤክሰስ» ብሎ ያውቀዋል፣ እዚህ የባለቤት ድርሻ እንበለው። ከዚያ በላይ ካለው ኩባንያው 80 በመቶውን ይመልስ። ሒሳቡ 2,000 ዶላር ከመጣ ተመላሹ 1,400 ነው፤ ባለቤቱ 600 ይከፍላል፤ ከአረቦኑ ጋር 960 ያወጣል። ሒሳቡ 300 ብቻ ከሆነ ግን ተመላሹ 40 ዶላር ነው። መድኑ ለትንሽ ሕመም አይረባም፤ ድንገት ለሚመጣው ትልቅ ሒሳብ ነው የተሠራው። ወንድ ድመት ሽንቱ ሲዘጋበት ለምሳሌ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ጋር መድረስ አለበት፤ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ይሞታል። በዚያች ሌሊት ገንዘቡን ከየት አመጣለሁ የሚል ሰው መድን ቢገዛ እመክራለሁ። በባንክ የተቀመጠ በቂ ገንዘብ ያለው ደግሞ አረቦኑን በየወሩ ለራሱ ቢያጠራቅም አይጎዳም።

ከመፈረም በፊት ሁለት ነገሮች በደንብ መነበብ አለባቸው። አንደኛው ከውሉ በፊት የታየ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈንም፤ ስለዚህ ድመቷ ኩላሊቷን ከታመመች በኋላ መድን ፍለጋ መሮጥ ዋጋ የለውም። የሚገዛ ሰው በልጅነቷ፣ ጤነኛ ሳለች ይግዛ። ሁለተኛው የአከፋፈሉ መንገድ ነው። በእኛ አገር በ2011 እ.ኤ.አ. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መታወቂያውን አሳይቶ ይታከማል፤ ጤና ጣቢያው ሒሳቡን ከመድኑ ይቀበላል። የድመቷ መድን በአብዛኛው እንዲህ አይደለም፤ ባለቤቱ መጀመሪያ ሙሉውን ከፍሎ ነው ተመላሹን የሚጠብቀው። «መድን አለኝ» ብሎ በባዶ ኪስ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ይቸገራል። ኩባንያው በቀጥታ ለሐኪሙ የሚከፍል መሆኑ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ሌላም የማይሸፈን ነገር አለ፤ መደበኛ ክትባት። ተጨማሪ ካልተከፈለበት በስተቀር አብዛኞቹ ውሎች ክትባትን አይነኩም። አዳማ ላለች ድመት ግን ከምንም በላይ የሚያስፈልጋት እሱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በስሙ ውሻን ቢጠራም ድመትንም ይይዛል፤ ከድመት ወደ ልጅ በንክሻና በጭረት ይሻገራል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውም ሆነ እንስሳ ከሱ መትረፍ ከስንት አንድ ነው። ድመት የነከሰችው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ባህላዊ መድኃኒት እየሞከሩ ቀን መግፋት ነፍስ ያስከፍላል። ለድመቷ የወር አረቦን የሚያስብ ቤተሰብ ከዚያ በፊት በዓመት አንድ ጊዜ ያስከትባት፤ ክትባቷ የድመቷ ብቻ አይደለም፣ አብሯት የሚተኛው ሕፃንም ነው።

ከገንዘብ ውጭ የሆነውን ጥበቃም መርሳት አይገባም። ድመት ሲያማት ብዙ ሰው ካዘነላት ብዛት ለራሱ የገዛውን ፓራሲታሞል ይሰጣታል፤ የድመት ጉበት መድኃኒቱን ማርከስ አይችልም፤ አንድ እንክብል ሊገድላት ይችላል። ከመቂና ከባቱ እርሻ የሚመጣው ሽንኩርትም ቀይ የደም ሕዋሷን ያፈርሳል፤ ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ ምግቧ መሆን የለበትም። በእህል መጋዘንና በወፍጮ ቤት የሚረጨው የአይጥ መርዝ ደግሞ አይጧን በበላችው ድመት ሆድ ውስጥም ይሠራል፤ ድመት ባለበት ቤት መርዝ አይረጭ። ድመቷን ማምከንም በየጊዜው በጆንያ ታስረው የሚጣሉትን ግልገሎች ቁጥር ይቀንሳል።

አዳማ ላይ ድመት ያለው ሰው ዛሬ አንድ ደብተር ቢከፍት መልካም ነው፤ የተወለደችበት ወር፣ የተከተበችበት ቀንና የክትባቱ ስም፣ የታመመችበትና የተሰጣት መድኃኒት ይጻፍበት። ልጅ ከነከሰች ጤና ጣቢያው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ቢሾፍቱ ብትወሰድም ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። መድን ሰጪ ወደ አዳማ የመጣ ቀንም ከባለቤቱ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ሰነድ ያ ደብተር ይሆናል።