የድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕና የመሣሪያዎቹ ጠጋኞች

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ፣ ሐረር በተራራ ላይ የተቀመጠች በመሆንዋ ወደ እርስዋ መውጣቱ ስለ ከበደ፣ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ካለው ሜዳ ደረሰ፤ የድሬዳዋ ከተማም በዚያ ተቈረቈረች። የመጀመሪያው ኩባንያ መክሰሩ፣ መንግሥታት ስለ ባቡሩ የተዋዋሉት ውል፣ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ መግባቱ ሁሉ በመጻሕፍት ተተርኮአል። ያንን 784 ኪሎ ሜትር መንገድ በሕይወት ያኖረው የድሬዳዋ ወርክሾፕ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ የሚገባውን ክብር ገና አላገኘም።

የተሰበረ ዕቃ ምትክ ከፈረንሳይ በመርከብ እስኪመጣ ባቡር ቆሞ ሊጠብቅ አይችልምና፣ መንኰራኵሩን የሚያስተካክለው ትልቁ ቶርኖ፣ መብሻው ትራፓኖና ማቅለጫው በዚያው በበረሃው ዳር ተተከሉ። በዚያ ዘመን የነበሩ የብረት ሥራ ቤቶች አንዱን ሞተር በጣራ ሥር በተዘረጋ ረዥም ዘንግ ላይ አስረው፣ ከዘንጉ በሚወርድ የቆዳ ቺንጋ እያንዳንዱን መሣሪያ ያሽከረክሩ ነበር፤ ኋላ ግን ለየመሣሪያው የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር ተሰጠው።

ነገር ግን ሌላውን የሚጠግን መሣሪያ ራሱም ያረጃል። የቶርኖ አልጋ፣ ማለት የመቁረጫው መያዣ የሚንሸራተትበት ረዥም ብረት፣ ሥራ በሚበዛበት በኩል እየተበላ ሲሄድ፣ የሚወጣው ዕቃ በአንድ ጫፉ ወፍሮ በሌላው ይቀጥናል። ይህን ለማቅናት ጠቢቡ ፍጹም ልሙጥ የሆነ ብረት በስሱ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ በአልጋው ላይ ያሻሸዋል፤ ቀለም የያዘው ስፍራ ከፍ ያለው ነውና ያንን ብቻ በእጁ ይፍቃል፤ ዳግመኛም ይቀባል፣ ዳግመኛም ይፍቃል፤ ነጥቦቹ በአልጋው ሁሉ ላይ እኩል እስኪበተኑ ድረስ ይህን ሳይታክት ይደጋግማል። የተበላ ኩሽኔታም በቆርቆሮ፣ በአንቲሞንና በመዳብ ቅልጥ ይታደሳል፤ ቅልጡ በመካከል ቢቋረጥ ስንጥቅ ይቀራልና በአንድ ትንፋሽ ይፈሳል፤ ቅርጹ ጥቂት እርጥበት ቢኖረው ደግሞ ቅልጡ ፈንድቶ ዓይን ያጠፋልና አስቀድሞ በእሳት ይሞቃል። እንዲህ ያለውን ሥራ ያየ ሰው፣ ለብራና ጸሐፊ የሚሰጠውን ክብር ለብረት ፋቂም ለመስጠት አያመነታም።

በአገራችን ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ሲነቀፍ ኖሮአል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነቀፌታው ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። ስለዚህ በድሬዳዋ የተሰበሰበው የመካኒክ ማኅበር፣ ከተለያየ ነገድና ሃይማኖት ተውጣጥቶ፣ በእደ ጥበቡ ደመወዝና ማዕረግ ማግኘቱ ለእኔ ከባቡሩ መግባት የሚያንስ ነገር አይደለም።

በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከተመረቀ ወዲህ የአሮጌው ወርክሾፕ መሣሪያዎች ሥራቸው ሳስቶአል። ብረቱ በኪሎ ተመዝኖ ቢሸጥ ገንዘቡ ከጥቂት ወራት አያልፍም፤ ዘይት እየተቀባ፣ ቺንጋው እየታደሰ፣ በየጊዜው እየተነሣ ከቆየ ግን ሌላ ትውልድ ሊያገለግል ይችላል። በሙዚየም ቆሞ መታየቱ ብቻ አይበቃም፤ የአልጋውን አፋፋቅና የቅልጡን አፈሳስ የሚያውቁት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ፣ የቴክኒክ ተማሪዎች በእነዚያው መሣሪያዎች ፊት ደቀ መዝሙር ሆነው ይቀመጡ ዘንድ እለምናለሁ።