ብዙ ያገባ ዋንጫ ሲያጣ

በገላን ኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች መካከል ልጆች ኳስ ተጫውተው ሲለያዩ «እኛ በልጠን ነበር» የሚለው ክርክር እስኪመሽ አያልቅም። ነገሩ ግን የልጆች ብቻ አይደለም፤ በታሪክም የበለጠ ሁሉ አላሸነፈም።

በጥር ወር 1960 ዓ.ም. ስድስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ተደረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስምንት ቡድኖች ሲካፈሉ፣ አራቱ በአዲስ አበባ፣ አራቱ ደግሞ ያኔ በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ በነበረችው አሥመራ ተመደቡ። የእኛ ቡድን ኡጋንዳን 2 ለ 1፣ አይቮሪ ኮስትን 1 ለ 0፣ አልጄሪያን 3 ለ 1 ረትቶ ከምድቡ አንደኛ ወጣ። ከስምንቱ መካከል ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ያሸነፈ እርሱ ብቻ ነበር። ታዲያ ምን ይሆናል! በግማሽ ፍጻሜው ኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈችን። ለሦስተኛ ደረጃም ያቺው በምድብ የረታናት አይቮሪ ኮስት 1 ለ 0 ረታችንና አራተኛ ሆነን ቀረን።

ጋና ደግሞ የባሰ ገጠማት። በምድቧ ኮንጎ ኪንሻሳን 2 ለ 1 አሸንፋ፣ በጠቅላላው 11 ግብ አግብታ ለፍጻሜ ደረሰች። ኮንጎ እስከዚያ ድረስ ያገባችው 9 ነበር። በፍጻሜው ዕለት ግን ካላላ በ66ኛው ደቂቃ ባገባት አንዲት ግብ ኮንጎ ዋንጫውን ወሰደች። እንግዲህ 10 ያገባው 11 ያገባውን በለጠ ማለት ነው።

በአሜሪካም ቤዝቦል የሚሉት፣ ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት ጨዋታ አለ። በ1953 ዓ.ም. መጀመሪያ ኒውዮርክ ያንኪስና ፒትስበርግ ፓይሬትስ ለዋንጫ ሰባት ጊዜ ገጠሙ። ያንኪስ በድምሩ 55 ነጥብ ሲያስቆጥር ፓይሬትስ ያገኘው 27 ብቻ ነው። ነገር ግን ያንኪስ ሦስቱን ጨዋታ 16 ለ 3፣ 10 ለ 0 እና 12 ለ 0 እያለ ሲያሸንፍ፣ ፓይሬትስ አራቱን በጥቂት ነጥብ እየበለጠ ዋንጫውን ወሰደ። የመጨረሻው 10 ለ 9 ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ቀን የተረፈ ነጥብ ለሌላው ቀን አይተላለፍም።

እኔ በጽሕፈት ሥራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ድምር እወዳለሁ። የዕድራችንም መዋጮ በደብተሩ ላይ ሲደመር ደስ ይላል። ሐዘንተኛው ግን የሚቆጥረው ያን ዕለት ድንኳኑ በሰዓቱ መተከሉንና ጎረቤቱ አጠገቡ መቀመጡን ነው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዓመቱን ሙሉ ከፍለን በቀኑ እንዳንጎድል አደራ እላለሁ።