የቸኮሌትና ብርቱካን ኬክ

የቸኮሌትና ብርቱካን ኬክ ከፍርኖ ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከኮኮዋ እንዲሁም ከብርቱካን ጭማቂና ልጣጭ የሚጋገር ጣፋጭ ምግብ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች በገና፣ በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በዒድና በልደት ቀን ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ ከሚቀርቡት የቤት ኬኮች አንዱ ነው። ይህ መጣጥፍ ኬኩ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እንዴት እንደሚጋገር ይገልጻል። እነዚህ ከተሞች በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሚገኙ፣ በውጭ አገር መጽሐፍ ወይም በእሽግ ጀርባ የተጻፈው ልክ ሳይለወጥ ከተሠራበት ኬኩ መጀመሪያ በጣም ይነፋና ሳይበስል መሃሉ ይሰረጉዳል።

ከድፎ ዳቦ ጎን

በአካባቢው የበዓል መጋገር ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ድፎ ዳቦ ነው። ድፎ በእርሾ ይቦካል፣ በኮባ ቅጠል ላይ ይዘረጋል፣ ከላይና ከታች በሚነድ እሳት ወይም በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል። ኬክ ወደ ቤት የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ቢሆንም በአዲስ አበባ የኬክ ቤቶች ልማድ ላይ ትልቁን አሻራ የተዉት ጣሊያኖች ናቸው።

ሰበታ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ሱሉልታ በወተት ሀብቷ ትታወቃለች። ይሁንና ለኬክ የሚፈለገው የገበታ ቅቤ ነው። ለወጥ የተነጠረ ቅቤ የኮረሪማውና የኮሰረቱ መዓዛ ብርቱካኑን ስለሚያሸንፈው አይስማማም።

በድፎና በኬክ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ጋጋሪዋ ስህተትን ለማረም ያላት ዕድል ነው። እርሾ ቀስ ብሎ ይሠራል። ሊጡ ቶሎ ኩፍ ካለ እንደገና ታሽቶ ይመለሳል፤ ከቀጠነ ዱቄት ይጨመርበታል። ብዙ እናቶች ድፎን ያለ ምንም ልኬት በእጅና በዓይን ብቻ የሚያሳምሩት በዚህ ምክንያት ነው። የኬክ ሊጥ ግን አንዴ ምድጃ ከገባ ማረሚያ የለውም።

ቀምሶ ማስተካከልም ብዙ ጊዜ አይቻልም። የገና ጾም ከኅዳር 15 እስከ በዓሉ ዋዜማ፣ የፋሲካው ደግሞ 55 ቀን ይጾማል። ኬኩ የሚጋገረው በዋዜማው ቀን ሲሆን ጾሙ የሚፈታው ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ ነው። ስለዚህ ጋጋሪዋ ቅቤና እንቁላል ያለበትን ሊጥ በጣቷ እንኳ አትቀምስም። በረመዷን መጨረሻ ለዒድ የሚጋግሩም በቀን ስለሚጾሙ ያው ነው። ያላቸው መተማመኛ በወረቀት ላይ የተጻፈው ልክ ብቻ ነው። ያ ልክ ግን ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ ሆኖ ሲገኝ፣ በበዓል ሰሞን ዋጋቸው የሚንር እንቁላልና ቅቤ ይባክናሉ።

ከፍታው ኬኩን ምን ያደርገዋል

ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ፣ ቡራዩ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ሱሉልታ ደግሞ 2,700 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሯጮች ለልምምድ ሱሉልታን የሚመርጡበት ስስ አየር ለኬክ ጋጋሪ ችግር ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህም የተነሳ ውሃ በሰበታ በ92፣ በሱሉልታ በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል።

ውጤቱ በሦስት መንገድ ይታያል። አንደኛው ጋዙ ነው። ኬክን የሚያስነሳው ከቤኪንግ ሶዳ ወይም ከቤኪንግ ፓውደር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ግፊቱ ዝቅተኛ ሲሆን ያው መጠን ያለው ጋዝ አንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ ቦታ ይይዛል። አረፋዎቹ ከሚገባው በላይ ይነፉና ግድግዳቸው ሳይጠነክር ይፈነዳሉ። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ውሃው እስካለ ድረስ የሊጡ ውስጥ ከመፍያ ነጥቡ ብዙም አያልፍም፤ በዚህ ከፍታ ደግሞ ያ ነጥብ ዝቅተኛ ስለሆነ ስታርቹና የእንቁላሉ ፕሮቲን ለመጠንከር ይዘገያሉ። ሦስተኛው ትነት ነው። ውሃው ቶሎ ሲተን በሊጡ ውስጥ የስኳሩ ድርሻ ይበዛል። ስኳር ሲበዛ ደግሞ ስታርቹ የሚጠነክርበት ሙቀት ከፍ ይላል። አንዱ ችግር ሌላውን ያባብሳል ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ በሌላው ዓለም በቆዩ ጥናቶች የታወቀ ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ኢንጋ አሊሰን የተባለች የምግብ ሳይንስ መምህርት በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በከፍታ ላይ የመጋገር ምርምር መርታለች። ዛሬ በብዙ የአሜሪካ የኬክ ዱቄት እሽጎች ላይ «ለከፍተኛ ቦታ» የሚል ልዩ መመሪያ አለ። ይሁን እንጂ መመሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው ከ1,070 እስከ 1,980 ሜትር ገደማ ያለውን ቦታ ነው። የኮሎራዶ ዋና ከተማ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች ይበቃታል። ሦስቱ የሸገር ከተሞች ግን ከመመሪያው ጣሪያ በላይ ናቸው። ዘመድ ከውጭ የላከው እሽግ ላይ ያለውን የከፍታ መመሪያ መከተል እንኳ ለሱሉልታ አይበቃም።

ብርቱካኑ

«ብርቱካን» የሚለው ስም ከዐረብኛው «ቡርቱቃል» የመጣ ሲሆን፣ እርሱም የፖርቱጋልን ስም የያዘ ነው። በኢትዮጵያ የብርቱካን እርሻ ሲነሳ በአዋሽ ሸለቆ የሚገኙት የመርቲና የኑራ ኤራ እርሻዎች ስማቸው የታወቀ ነው። ከመርቲ የሚወጣው የብርቱካን ማርማላታም ለብዙ የከተማ ልጆች የቁርስ ትዝታ ነው።

በገበያ የሚገኘው የአገር ውስጥ ብርቱካን ብዙ ጊዜ ቆዳው አረንጓዴ ስለሆነ ያልበሰለ ይመስላል። የብርቱካን ቆዳ ወደ ብርቱካንማ ቀለም የሚለወጠው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ በሞቃት ቆላ የበቀለው በስሎም አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ብስለቱን ለማወቅ ከቀለሙ ይልቅ ክብደቱ ይሻላል። በእጅ ሲያዝ ለመጠኑ ከበድ የሚል ጭማቂ አለው።

ለኬኩ ከጭማቂው ይበልጥ መዓዛ የሚሰጠው ልጣጩ ነው። የብርቱካን ዘይት ያለው በቆዳው ላይኛ ሽፋን ሲሆን ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍል መራራ ነው። ስለዚህ ብርቱካኑ በደንብ ታጥቦ ከመጨመቁ በፊት በደቃቁ መፈቅፈቂያ በቀላሉ ይፈቀፈቃል፤ ነጩ ሲታይ ይቆማል። የተፈቀፈቀው ልጣጭ ከስኳሩ ጋር በጣት ቢታሽ ዘይቱ ስኳሩ ውስጥ ይሰርጋል። ይህ ትንሽ ሥራ ከማንኛውም የጠርሙስ ማጣፈጫ የተሻለ ውጤት አለው።

ኮኮዋና ቸኮሌት

ብርቱካንና ቸኮሌትን ማጣመር በአውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። የእንግሊዙ የቴሪስ ኩባንያ በብርቱካን ቅርጽ የተሠራውን ቸኮሌቱን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1932 ነበር። በኢትዮጵያ በሱቅ የሚሸጠው ኮኮዋ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ለቤት ኬክ የኮኮዋ ዱቄት ከቸኮሌት ይመረጣል፤ ዋጋው ይቀላል፣ ወተት ስለሌለበትም ለጾም ይሆናል። ለሻይ ሰዓት የሚሸጠው ጣፋጭ የቸኮሌት መጠጥ ዱቄት ግን አብዛኛው ስኳር፣ አንዳንዴም ወተት ያለበት ስለሆነ ኮኮዋን አይተካም።

የጾምና የፍስክ ኬክ

በአንድ ግብዣ ላይ ፍስክ የሚበላም የማይበላም ሊገኝ ይችላል። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉም በዕለቱ አይጾምም፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናትም እንዲሁ። በሌላ ጊዜ የሚደረግ የልደት ወይም የምርቃት ግብዣ ግን ጾም ላይ ሊውል ይችላል። የብርቱካን ጭማቂ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በጭማቂው ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ ከሶዳ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ኬኩ ይነሳል። አሜሪካውያን በኮምጣጤና በሶዳ የሚጋግሩት፣ ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ጋር የሚያያዘው እንቁላል አልባ የቸኮሌት ኬክም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

አንድ ኩባያ (240 ሚሊ ሊትር) የብርቱካን ጭማቂ ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው በግምት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ነው። ከዚያ የሚተርፈው ሶዳ የሳሙና ጣዕም ይተዋል። በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፉ ልኮች አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ያዛሉ። በከፍታው ምክንያት ሶዳው በግማሽ ሲቀነስ የአሲዱም ሒሳብ ልክ ይመጣል፤ መልካም አጋጣሚ ነው።

ልክና አሠራር

20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ክብ የጾም ኬክ የተለመደው የባሕር ጠለል ልክ 190 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳር፣ 25 ግራም ኮኮዋ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይትና 240 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ነው። ለቡራዩና ለሱሉልታ ከፍታ ሲስተካከል ዱቄቱ ወደ 210 ግራም ከፍ ይላል፣ ስኳሩ ወደ 165 ግራም ዝቅ ይላል፣ ሶዳው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይሆናል፣ በ240 ሚሊ ሊትሩ የብርቱካን ጭማቂ ላይ ደግሞ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይጨመራል። ዘይቱና ኮኮዋው አይለወጡም። ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የሁለት ብርቱካን ልጣጭ ይገባበታል። ሰበታ ዝቅ ስለምትል ስኳሩን 175 ግራም ማድረግ ይቻላል።

ደረቁ ሁሉ አንድ ላይ በወንፊት ይነፋል። ዘይቱና ጭማቂው ተቀላቅለው ይፈሱበትና ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ ይማሰላል። ብዙ ከተመታ ይጠነክራል። ጭማቂው ሶዳውን እንደነካ ጋዙ መውጣት ስለሚጀምር ሊጡን ቁጭ አድርጎ ቡና ማፍላት አያዋጣም፤ ምድጃው ቀድሞ መጋል አለበት።

ለፍስኩ ኬክ 100 ግራም የገበታ ቅቤ ከ160 ግራም ስኳር ጋር ይመታል፣ ሦስት እንቁላል አንድ በአንድ ይገባል፣ ከዚያ 200 ግራም ዱቄት፣ 30 ግራም ኮኮዋ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ይከተላሉ። በከፍታ ቦታ እንቁላልን መቀነስ አይመከርም፤ ኬኩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው።

ምድጃው

ኦቨን ባለበት ቤት በመጽሐፍ ከተጻፈው 175 ዲግሪ ይልቅ ወደ 190 ዲግሪ ማድረግ ይሻላል። የውጩ ቶሎ ሲጠነክር ጋዙ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። 30 ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ በቀጭን እንጨት ይወጋል፤ እንጨቱ ደርቆ ከወጣ በስሏል። ከዚያ በፊት በሩን መክፈት ኬኩን ያስቀምጠዋል።

ኦቨን በሌለበት ወፍራም ድስት ያገለግላል። በድስቱ ውስጥ ጨው ወይም ንጹሕ አሸዋ ይነጠፋል፣ ትንሽ ማስቀመጫ ይደረግበታል፣ ተከድኖ ይግላል፣ ከዚያ የኬኩ ዕቃ ይገባል። ጥቂት ፍም ከክዳኑ ላይ ማድረግ ከድፎ የተወረሰ ብልሃት ሲሆን የኬኩን የላይኛ ክፍል ያበስለዋል። አለዚያ ላዩ ነጭና እርጥብ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው የዋዜማ ፈተና መብራት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ኃይሉ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሙቀት የሚወሰነው በቮልቴጁ ካሬ ስለሆነ፣ 220 ቮልት ወደ 190 ቢወርድ ምድጃው የሚያገኘው ኃይል በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሰዓት ከመቁጠር እንጨቱን ማመን ይሻላል። ብዙዎች ከዋዜማው ይልቅ ከሁለት ቀን በፊት ሌሊት ይጋግራሉ፤ ይህ ኬክ ደግሞ በማደሩ መዓዛው ይጨምራል እንጂ አይጎዳም።

አቀራረብና አቀማመጥ

ገና በበጋ ስለሚውል አየሩ ደረቅ ነው፤ ሳይሸፈን ያደረ ኬክ ዳር ዳሩ ይደርቃል። ትኩስ እያለ በሹካ ተወግቶ በጥቂት ስኳር የፈላ የብርቱካን ጭማቂ ቢፈስበት፣ ሲቀዘቅዝም በንጹሕ ጨርቅና በላስቲክ ቢጠቀለል እስከ ሦስት ቀን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ክሬም በማይገኝበት ወይም በጾም ጊዜ ማርማላታ በትንሽ ውሃ ሞቆ ከላይ ይቀባል። በበዓሉ ቀን ከድፎው በኋላ በቀጭን ተቆርጦ ከቡና ጋር ይቀርባል።