የቤት አዕዋፍ ተላላፊ ባክቴሪያዎችና የመድኃኒት መላመድ

የቤት አዕዋፍ ተላላፊ ባክቴሪያዎች በሽቦ ቤት ከሚጠበቁ በቀቀንን ከመሰሉ አዕዋፍ ወደ ሰው የሚተላለፉ ረቂቃን ሕዋሳት ናቸው። ሳልሞኔላና ኤሺሪሺያ ኮላይ በኩስ በተበከለ እጅ፣ ምግብና ውኃ ሲተላለፉ፣ ክላሚዲያ ሲታቺ ከደረቀ ኩስና ከላባ ትቢያ ጋር ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያስከትላል። የእነዚህ ባክቴሪያዎች የመድኃኒት መላመድ መንሥኤው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ልክ ሲሰጥ ደካሞቹ ሕዋሳት ጠፍተው ብርቱዎቹ መራባታቸው፣ የመቋቋሚያውንም ባሕርይ ፕላስሚድ በተባለ የዘረ መል ተሸካሚ አማካይነት ለሌሎች ማውረሳቸው ነው። በናይሮቢ፣ በ99 ቤቶችና በአካባቢያቸው ተካሂዶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ መድኃኒት የተላመደ ኤሺሪሺያ ኮላይ በዱር አዕዋፍ ጭምር መገኘቱን አስረድቷል። ስለዚህ የአዕዋፍ ማደሪያ ንጽሕናና የመድኃኒት አሰጣጥ ጥንቃቄ የሰውም ጤና መጠበቂያ ነው።