የሃኖዩ ሐኪም

ስሙኝማ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ከሩቅ ምሥራቅ ነው። አገሩ ቬትናም፣ ከተማው ሃኖይ። ዘመኑ 1995 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2003፣ ወሩ የካቲት። እኛ ጭምብል አጥልቀን እጃችንን በአልኮል ማሸት የለመድነው ከዚያ 17 ዓመት ቆይቶ ነው። ሃኖይ ላይ ግን ያን ጊዜ አንድ ሐኪም እየተመላለሱ ይህንኑ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው የመንደር ሰዎች አልነበሩም፤ ሐኪሞችና ነርሶች ነበሩ።

ነገሩ የተነሣው ከሃኖይ አይደለም። በደቡብ ቻይና፣ ጓንግዶንግ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ከኅዳር ጀምሮ ስሙ የማይታወቅ የሳንባ በሽታ ገብቶ ነበር። እንደ ጉንፋን ይጀምራል፤ ትኩሳቱ ይነድዳል፣ ደረቅ ሳል ይከተላል፣ በመጨረሻ ትንፋሽ ያጥራል። በሽተኛውን ያስታመሙት ነርሶችና ሐኪሞችም ተከታትለው ይተኛሉ። ባለሙያዎች ጉዳዩን አጥንተው ዘገባ ጽፈው ነበር። ዘገባው ግን ምሥጢር ተባለና በሽተኛ ፊት ለሚቆመው ለአብዛኛው ጤና ሠራተኛ ሳይደርስ ቀረ። ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የነበረበት ሰው ምንም ሳያውቅ ወደ አልጋው ተጠጋ።

የካቲት 14 ቀን፣ እዚያ በሽተኞችን ሲያክሙ ከነበሩት አንዱ፣ የ64 ዓመቱ ሐኪም ሊዩ ጂያንሉን፣ ለዘመድ ሠርግ ሆንግ ኮንግ ገቡ። ሜትሮፖል በሚባለው ሆቴል 9ኛ ፎቅ ላይ አደሩ። አሟቸው ነበር። በማግስቱ ሆስፒታል ገቡ፤ በሕይወት አልወጡም። እዚያው ፎቅ ላይ ያረፉ እንግዶች ግን በሽታውን ይዘው በየአገሩ ተበተኑ፤ አንዷ ወደ ቶሮንቶ፣ ሌላዋ ወደ ሲንጋፖር፣ አንድ ነጋዴ ደግሞ ወደ ሃኖይ።

ነጋዴው የካቲት 19 ቀን ሃኖይ ባለው የፈረንሳይ ሆስፒታል ተኛ። ትንሽ የግል ሆስፒታል ነው። ሐኪሞቹ ሰውዬውን አይተው የሚያውቁት በሽታ አልመስል አላቸው። የወፍ ጉንፋን ይሆን እንዴ ብለው ሰጉ። እዚህ ላይ ያደረጉትን ልብ በሉልኝ፤ አላወቅንም ማለትን አላፈሩበትም፣ የሆስፒታሉ ስም ይጎድፋል ብለውም አልደበቁም። ስልክ አነሡና ሃኖይ ወዳለው የዓለም ጤና ድርጅት ቢሮ ደወሉ። ዕለቱ ዓርብ፣ የካቲት 21 ነው። ጥሪው የደረሳቸው ሰው ዶክተር ካርሎ ኡርባኒ ይባላሉ።

ጣሊያናዊ ናቸው፤ የ46 ዓመት ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት። የተወለዱት ካስቴልፕላኒዮ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የድንበር የለሽ ሐኪሞች የጣሊያን ቅርንጫፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ድርጅቱ በ1992 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት ሲቀበል ከልዑካኑ ጋር ቆመዋል። ቢሮ መዋል የማይሆንላቸው፣ ሃኖይን በሞተር ብስክሌት የሚዞሩ፣ ሲመሽ ኦርጋን የሚጫወቱ ሰው ነበሩ። ዋና ሙያቸው ግን ሳንባ አይደለም። የድሃ ልጆችን ሆድ የሚበላውን ጥገኛ ትል ነው ሲያጠኑ የኖሩት። ይህ የእኔ ዘርፍ አይደለም ብለው ደብዳቤ ቢጽፉ ኖሮ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር።

ሄዱ። በሽተኛውን አዩ። በማግስቱም ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ ውሏቸው ሆስፒታሉ ሆነ። ናሙና ይወስዳሉ፣ ወደ ላቦራቶሪ የሚላክበትን መንገድ ያመቻቻሉ፣ ማን መቼ እንደታመመ፣ ከማን ጋር እንደተነካካ ይመዘግባሉ። ከሁሉ በላይ ግን ከነርሶቹና ከሐኪሞቹ ጋር ናቸው። ጭምብሉ እንዴት እንደሚጠለቅ፣ ጋዎንና ጓንት የት እንደሚወለቅ፣ እጅ መቼ እንደሚታጠብ፣ በሽተኛው ለብቻው እንዴት እንደሚለይ ደጋግመው ያሳስባሉ። ለይቶ ማቆያ ክፍል ተዘጋጀ፤ በሩ ላይ ጠባቂ ቆመ።

አንባቢዬ፣ ይህ ተራ የሥራ ላይ ሥልጠና ሊመስልህ ይችላል። አይደለም። በኋላ ሳርስ የተባለው ይህ በሽታ አንድ ጠባይ አለው። በሽተኛው ብዙ ቫይረስ የሚያወጣው ገና ሲጀምረው አይደለም፤ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ፣ ሲጠናበት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሰውየው ገበያ ውስጥ የለም፤ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። አክታውን የምትጠርግለት፣ ደግፋ የምታቀናው፣ የመተንፈሻ ማሽኑን የምታስተካክልለት ነርስ ናት ፊቱ ያለችው። እንግዲህ የበሽታው መንገድ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። እሷን ያስተማረ መንገዱን ዘጋ ማለት ነው። መድኃኒት አልነበረም፣ ክትባት አልነበረም። የነበረው ትምህርቱ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ግን ረፍዶ ነበር። ማንም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነጋዴውን ያስታመሙት ሠራተኞች ተራ በተራ ትኩሳት ያዛቸው። በቬትናም ከታመሙት ከመጀመሪያዎቹ 60 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጤና ሠራተኞች ነበሩ። ፍርሃት ነገሠ። ያኔ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሌላ ሰው ያላዘዛቸውን ነገር ወሰኑ፤ በሽታውን ወደ ልጆቻችን፣ ወደ እናቶቻችን ይዘን አንገባም ብለው እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ማደር ጀመሩ። በሩን በራሳቸው ላይ ዘጉ። ዶክተር ኡርባኒም አብረዋቸው ይውላሉ፤ የሚያስተምሩትን ያህል ያጽናኗቸዋል። ባለቤታቸው ጁሊያና ሰግታ የሦስት ልጆች አባት መሆናቸውን ብታስታውሳቸው፣ ይህን ካልሠራሁ እዚህ አገር ምን ልሠራ መጣሁ፣ ለኢሜይል መልስ ለመስጠትና ግብዣ ላይ ለመገኘት ነውን ብለው ነበር የመለሱላት።

እሑድ የካቲት 30 ቀን ከአለቃቸው ከፓስካል ብሩዶን ጋር ሆነው ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሄዱ። ስብሰባው 4 ሰዓት ፈጀ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ወረርሽኝ አለብኝ ብሎ ማወጅ ቱሪስት ያስቀራል፣ ገበያ ያቀዘቅዛል። ቢሆንም መንግሥት ሰማቸው። የፈረንሳይ ሆስፒታሉ ተዘጋ፤ በሌሎቹም ሆስፒታሎች አዲስ የጥንቃቄ ሥርዓት እንዲገባ ታዘዘ፤ የውጭ ባለሙያ እርዳታ በይፋ ተጠየቀ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለኢቦላ ብለው አስቀምጠውት የነበረውን መከላከያ ልብስ ይዘው ደረሱ። ከዚህ ታሪክ ትልቁ ቀን ለእኔ ይህ እሑድ ነው። አንድ ሆስፒታል ውስጥ የነበረው ትምህርት ያን ቀን የአገር ሥርዓት ሆነ።

መጋቢት 2 ቀን ዶክተር ኡርባኒ ስለ ሆድ ትላትል ሊወያዩ ወደ ባንኮክ በረሩ። አውሮፕላኑ ውስጥ ትኩሳት ጀመራቸው። ምን እንደያዛቸው ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። ሊቀበላቸው የመጣውን ባልደረባ እንዳይጠጋቸው አደረጉ። መከላከያ የለበሱ ሰዎች አምቡላንስ ይዘው እስኪመጡ ሁለቱም ተራርቀው ተቀምጠው ጠበቁ። ለሌሎች ሲያስተምሩ የከረሙትን በራሳቸው ላይ ፈጸሙ። በማግስቱ መጋቢት 3 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ለዓለም ሁሉ የማስጠንቀቂያ ደወል ደወለ። እሳቸው ግን መጋቢት 20 ቀን እዚያው ባንኮክ አረፉ። የሳንባቸው ናሙና ለምርምር ዋለ፤ ከቫይረሱ ዝርያዎች አንዱም በስማቸው ኡርባኒ ተብሎ ይጠራል።

ሃኖይስ? ከዚያ በኋላ የታመሙት ባክ ማይ ወደሚባለው የመንግሥት ሆስፒታል ገቡ። ባክ ማይ ዘመናዊ የአየር ማጣሪያ ያለው ሆስፒታል አልነበረም። መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱ፣ በሽተኛውን ለዩ፣ ጭምብልና ጋዎን ሳይለብሱ ወደ ክፍሉ አልገቡም። ከሠራተኞቹ አንድም ሰው በበሽታው አልተያዘም። በዚያው ወር ከሃኖይ እጅግ የተሻለ መሣሪያ ባላቸው በሆንግ ኮንግና በቶሮንቶ ሆስፒታሎች ነርሱና ሐኪሙ በብዛት ይታመም ነበር። በዓለም ዙሪያ ከ8,000 በላይ ሰው ታሞ 774 ሞቷል፤ ከታመሙት ከአምስቱ አንዱ ጤና ሠራተኛ ነው። በቬትናም የታመሙት 63፣ የሞቱት 5 ነበሩ።

ሚያዝያ 20 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ቬትናም ሳርስን ከአገሯ ማጥፋቷን አስታወቀ። ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ዶክተር ኡርባኒ ካረፉ በሠላሳኛው ቀን መሆኑ ነው፤ በእኛ ደንብ ቢሆን የሠላሳቸው መታሰቢያ የሚውልበት ዕለት።

እናንተ በጤና ቢሮና በሆስፒታል ኃላፊነት ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፤ ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ መመሪያውን በደብዳቤ ልካችሁ አትቅሩ። ራሳችሁ ወደ ክፍሉ ግቡና ሌሊት ተረኛ ከሆነችው ነርስ፣ ወለል ከሚወለውለው የጽዳት ሠራተኛ ጋር ቁሙ። እናንተም ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የማታውቁት ትኩሳት ፊታችሁ ሲመጣ አላወቅነውም ብላችሁ በዚያው ቀን ስልክ አንሡ።